የሰሀር ባል

«አቁመው! አቁመው እስቲ!» አለች ሰይዳ፣ ጣቷን ወደ ላፕቶፑ ቀስራ። «ይቺ ሰሀር የሚላት ደግሞ ማናት?»

የፊልሙ አዘጋጅ ኪሩቤል አቆመው። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ሸሚዝ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ሰሀር እናንተ ናችሁ፣ እትዬ። ሁለታችሁም። ሁለት ሚስት ብናሳይ ተመልካቹ ግራ ይጋባል ብለን አንድ አደረግናችሁ።»

«ወላሂ፣ እኔ ደግሞ ሳንሰማ ሦስተኛ አግብቶ ኖሯል ብዬ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር» አለች ከዲጃ ፍራሹ ላይ እንደተደገፈች። ሰይዳ ሳትወድ ሳቀች።

ፊልሙ የባላቸው የድሬሰር ነጅሙዲን ታሪክ ነው። ቆላው ጤና ጣቢያ ባልነበረው ዘመን፣ ወባ በገባ ቁጥር የመድኃኒት ቦርሳውን አንግቶ ከቀወት የማሽላ ማሳ እስከ ማጀቴ በእግሩ የዞረ ሰው ነበር። ያዳናቸው ሰዎች ልጆቻቸውን በስሙ ጠርተዋል። ሁለት ቤት ነበረው፤ ትልቋ ከዲጃ እዚህ ከተማው ውስጥ፣ ሰይዳ ቀወት እርሻው አጠገብ። እሱ ሲሞት ተራ መጠበቁም፣ ኩርፊያውም አብሮ ቀረ፤ ሁለቱ ሴቶች ጭራሽ መጠያየቅ ጀመሩ። ዛሬም ሰይዳ በጠዋት በባጃጅ የመጣችው ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት አብረው ሊያዩት ነው። ገና ሳይጀመር ኪሩቤልን እንዲህ ብላው ነበር፦ «የሟች ነገር አማና ነው፤ አደራ አለብን። ያልሆነ ነገር ካየን ትቆርጠዋለህ።» እሱም እሺ ብሎ ቃል ገብቷል።

ፊልሙ ቀጠለ። ነጅሙዲንን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።

«ምን ዓይነት ቁመት ነው? ከዚህ ላይ ሁለት ነጅሙዲን ይወጣል እኮ!» አለች ከዲጃ።

«ያኔ እንዲህ ቢሆን ለሁለታችን ይበቃን ነበር» አለች ሰይዳ፣ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ኪሩቤል ይሳቅ አይሳቅ ቸግሮት አንገቱን ደፋ።

ሰሀር የመድኃኒት ሣጥን ተሸክማ የሞላውን ሮቢ ወንዝ ስትሻገር፣ ሰይዳ «ይቺ እኔ ነኝ» አለች። ምጥ ለጠናባት ሴት ፋኖስ ይዛ ስትቆም ደግሞ «ይቺ እኔ» አለች ከዲጃ። አብሮ የታጠበ ልብስ እንደሚለዩ ያንቺ፣ የኔ እያሉ ሰሀርን ተከፋፈሏት።

ከዚያ ሰሀር ታመመች።

ነጅሙዲን ከመንገድ ገባ። ከውጭ አንድ ሰው «ድሬሰር! ድረስልን!» ብሎ ተጣራ። ነጅሙዲን ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና «ዛሬ አልወጣም» አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጨርቅ በውኃ ነክሮ ጨመቀ፣ ግንባሯ ላይ አደረገላት። «ሰሀር፣ አይዞሽ፣ አለሁ» አላት።

ሰይዳ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች።

ይህ ያ ክፉ የወባ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት እሷም ወድቃ ነበር። ተራዋ ደርሶ ሳምንቱን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። በሩን ሳትዘጋው፣ በትኩሳት ውስጥ ሆና የጫማውን ኮቴ ስታዳምጥ ሰነበተች። በመጨረሻ መጣ፤ ማንንም እንደሚዳስሰው በእጁ ጀርባ ግንባሯን ዳሰሳት፣ ኪኒኑን ከራስጌዋ አስቀመጠ፣ «ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ወጣ። የት ሰነበትክ ብላ አልጠየቀችውም። ከዲጃም ታማ እንደነበር ሰምታ ነበርና፣ እሷ ጋ እንደሰነበተ አልተጠራጠረችም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እዚያ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሐሳቧ አየችው! ስንት ጊዜስ ያንን እጅ ከከዲጃ ግንባር አንስታ የራሷ ላይ አደረገችው! ይኸው አሁን ፊት ለፊቷ ነው፤ ጨርቁም፣ ውኃውም፣ ድምፁም።

በዓይኗ ጠርዝ ከዲጃን አየቻት። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ታለቅሳለች። ሰይዳ በእንባዋ እንኳ ቀናች።

«ታድለሽ፣ እትዬ» አለቻት።

«በምኑ?»

«በዚህ ነዋ።»

ከዲጃ ሻሿን ገለጥ አደረገች። «ታላግጭብኛለሽ እንዴ? እኔ ያንቺን አይቼ ነው እኮ ያለቀስኩት!»

«የኔን?»

«ታዲያ የማንን? እኔማ ስታመም ኪኒኑን በመስኮት አቀብሎኝ ነው የሄደው። ቤትም አልገባ። ሰይዳም ታማለች ሲሉኝ፣ በቃ ከሷ አልጋ አይነሳም አልኩ። ስንት ዘመን በልቤ ይዤብሽ ኖርኩ መሰለሽ!»

«እኔ ጋ አልነበረም» አለች ሰይዳ። «ሳምንቱን ሙሉ በሬን ከፍቼ ጠበቅሁት፤ እኔ ጋ አልነበረም።»

ሁለቱም እኩል ወደ ኪሩቤል ዞሩ።

«እሱን እኛ ነን የጻፍነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሼ ነጅሙዲን ያን ጊዜ ማጀቴ በኩል ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሲዞሩ እንደነበር ሰዎች ነግረውናል። ግን የሰው ሁሉ ሐኪም የገዛ ሚስቱን ሳያስታምም ቀረ ብንል፣ ተመልካቹ ይጠላቸዋል ብለን ፈራን። ያልሆነውን እቆርጣለሁ ብያችኋለሁ፤ ዛሬውኑ ይቆረጣል።»

«ይቆረጥ እንጂ» አለች ከዲጃ፤ ዓይኗ ግን ሰይዳ ላይ ነበር። «አይደል፣ ሰይዳ? አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ሰይዳ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ውጭ ከባድ መኪና የአዲስ አበባን መንገድ ይዞ እያጓራ አለፈ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እዚህ ቤትም፣ እዚያ ቤትም ሰው ሲጠበቅ ነበር፤ አንዷ በበሩ፣ አንዷ በመስኮቱ። የሚቀኑበት ነገር እንኳ አልነበረም። እሱ ደግሞ በማያውቃቸው ሰዎች ግንባር ላይ ጨርቅ ሲያደርግ ሰነበተ። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። የመጣው ያ የድሮ ናፍቆቷ ነው፤ አሁን ደግሞ እሱን በሐሳቧ የምታስቀምጥበት ቤት እንኳ አጣች።

«እስቲ መልሰህ አሳየን» አለችው።

ኪሩቤል መለሰው። ረጅሙ ልጅ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ «ዛሬ አልወጣም» አለ፣ ተቀመጠ፣ ጨርቁን ጨመቀ። ሁለቱ ሴቶች እጁን በዓይናቸው ተከተሉ።

«ልቁረጠው፣ እትዬ?»

«አትቁረጠው» አለች ሰይዳ።

«ግን እውነት ካልሆነ...»

«አልሆነም። አውቃለሁ። ‹ሰሀር› የሚለውን ብቻ ቁረጥልን። ‹አይዞሽ፣ አለሁ› ይበል፤ ማንን እንደሆነ አይናገር።»

ኪሩቤል ከዲጃን አያት።

«አዎ» አለች ከዲጃ። «ስም አይጥራ።»