አሥር ደቂቃ በሩን ዝጉልኝ

«አሁን ይኼ ምኑ ነው? ለቅሶ ቤት ማራገቢያ ተይዞ ይመጣል እንዴ?»

እቴቴ ነች፤ የሟቹ ታላቅ እህት። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩን ሞልታ ቆማለች። ከፊቷ ያለችው መምህር በአንድ እጇ የበር ቁመት ያለው ሸራ የለበሰ የብረት ፍሬም፣ በሌላው ደግሞ የትሪ ስፋት ያለው ማራገቢያ እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ውሃ ልክ?» አለች መምህሯ ፎቶውን እያየች። «ምነው? ባለፈው ሳምንት አብረን ስንስቅ አልነበር እንዴ?»

ምን ይባላል! ልቡ ናት ያታለለችው። ከሦስት ቀን በፊት ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፣ በዚያው ቀረ። አርባ ዓመት የገነባ፣ ግንቡ ከመቅናቱ የተነሳ እናት ያወጣችለት ስም ተረስቶ ውሃ ልክ የተባለ ሰው፣ ደህና ዋሉ እንኳን ሳይል ሄደ።

በዚህ መሃል ልጁ ከጓዳ ብቅ አለች። ቁመቷም ሐሳቧም ቀጥ ያለ ስለሆነ አባቷ በግንበኛ ማቅኛ ክር ስም ቱምቢ ይላት ነበር፤ ሰዉም ያንኑ ይዞ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀኑም ሰዓቱም ጠፍቶባት ነበር። ማሽኑን ስታይ ግን ልቧ ዘለለ።

«ውይ! ዛሬ ነው ለካ!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

ዛሬ እሷና አባቷ የሚማሩት የቤት እድሳት ሥልጠና ፈተና ነበር። ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ አሮጌ ቤት ይወስዱና ብርድም ሙቀትም የማያሾልክ አድርገው ያድሱታል። ከዚያ መምህሯ በሩ ላይ ማራገቢያዋን ገጥማ አየሩን ወደ ውጭ ትስባለች። ቤቱ ቀዳዳ ካለው ከውጭ ነፋስ ይገባል፤ ማሽኑም ያን ቆጥሮ ቁጥር ይሰጣል። ከሁለት በታች ከሆነ አለፉ። ከሁለት በላይ ከሆነ ግን እንደገና በሌላ ቤት፣ በሌላ ዓመት። ቱምቢና አባቷ የወሰዱት ይኼንኑ የራሳቸውን ቤት ነበር።

«ግድ የለም፣ እኔ ልመለስ» አለች መምህሯ ቀስ ብላ። «ማሽኑ ግን ያው አንድ ብቻ ነው። ነገ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ለከርሞ አዲስ ቤት ትይዢያለሽ።»

«አዲስ ቤት? ይኼኛውስ? የአባዬ ሥራ ሳይለካ ሊቀር ነው?»

«ይቅራ!» አለች እቴቴ። «ያ ሥራ አይደል የበላው? በስድሳ ሁለት ዓመቱ ጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል! ደግሞስ የለቅሶ ቤት በር ይዘጋል? እግዜር ያሳይሽ፣ ሰው መጥቶ በር ተዘግቶበት ሲመለስ?»

እቴቴ እውነቷን ነው፤ የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ያ ማሽን ደግሞ በሩ ካልተዘጋ ምንም አይለካም።

ሥልጠናውን የጀመረችው እሷ ነበረች። አባቷ የመጣው ሊያሾፍ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ «ቤት መተንፈስ አለበት። እናንተ ቤት ልትሠሩ ነው ወይስ ጀሪካን?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ አልተከራከረችውም። «የሚተነፍስበትን ቦታ እኛ እንመርጥለታለን እንጂ በየስንጥቁ አይተነፍስም» አለችውና ሁሉንም ይዛ እሱ ራሱ ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ሠራው ቤት ወሰደቻቸው። አንዲት ባልቴት ካፖርት ለብሰው ምድጃ ሥር ኩርምት ብለዋል። መምህሯ አንድ ክር ሰጠችውና መስኮቱ ጠርዝ ላይ ያዘው አለችው። ክሩ ተነስቶ እየተርገበገበ ወደ ቤቱ ውስጥ ቀጥ አለ።

«ብርዱ ከየት ነው የሚገባው እያልኩ ሃያ ዓመት ጠየቅሁ» አሉ ባልቴቷ።

«ከእኔ ነዋ!» አለ ውሃ ልክ።

ሲመለሱ ከግቢያቸው በር ላይ ቆመና፣ «ቱምቢ፣ ግድግዳ ሳቀና ኖርኩ እንጂ ለካ ሰው ሳበርድ ነው የኖርኩት» አላት። በማግስቱ ደብተር ገዝቶ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አስሮ፣ ከሁሉም ቀድሞ ክፍል ገባ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው! ጎህ ሳይቀድ በሯን ይደበድባል። «ተነሽ እንጂ! የበግ ጠጉሩ መጣ እኮ!» ጠጉሩን በግድግዳው ውስጥ ጠቀጠቁት፤ መስኮቱን ባለ ሁለት መስተዋት አደረጉት፤ የድሮውን የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ደፈኑት። ብርዱ በገባ ሳምንት ምድጃ ሳይለኩስ በካናቴራ ተቀምጦ እህቱን አስጠራት። እቴቴ ሁለት ሹራብ ደራርባ መጣች፣ «አብደሃል!» አለችው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዱን አወለቀች፣ ቀጥላ ሁለተኛውን። እሱ እንደ ሕፃን እየዘለለ ይስቅ ነበር።

ቱምቢ ይኼን አስታውሳ ሳሎኑ መሃል ቆመች።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አባዬ ሁለት ዓመት ለፍቶበታል። ቤቱ መልካም ይሁን መጥፎ ሳላውቅ ብቀር ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። አሥር ደቂቃ በሩን ዝጉልኝ።»

ከጥግ ግድግዳ ለሳኙ ተነሱ፤ ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው የሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

«እኔ የውሃ ልክን ግንብ ሠላሳ ዓመት ስለስን አንድም ቀን ሥራውን ከመለካት ሲሸሽ አላየሁም» አሉ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ዝጉ!»

ኧረ እንዴት ያለ ግርግር ሆነ! አንዱ መስኮት ይቆልፋል፣ ሌላዋ የጓዳውን በር ትገፋለች። መምህሯ ፍሬሙን በሩ ላይ ወጥራ ማሽኑን ለቀቀችው። ማራገቢያው እየጓራ ተነሳ።

«ሁለት ነጥብ አራት» አለች መምህሯ።

ቱምቢ ወደ ግድግዳው ሮጠች። «አይሆንም! አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ። የእጃችሁን ጀርባ በምራቅ አርጥቡና ግድግዳውን ዳብሱልኝ። ነፋስ ሲነካው ይቀዘቅዛል!»

ከዚያ በኋላ ለቅሶ መሆኑን ማን አስታወሰ? ሴቱም ወንዱም በየጥጉ ተንበረከከ። ለሳኙ አልጋ ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ይታያል። በዚህ መሃል ደጅ ላይ አንዲት ሴት፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረሰች።

«ትንሽ እዚያው አልቅሺ፣ እንከፍትልሻለን!» ብሎ ሰዉ ባንድ ድምፅ መለሰላት። አንዱ ሳቀ፣ ደንግጦ አፉን ያዘ፣ ደግሞ ሳቀ።

ከቦታዋ ያልተነሳችው እቴቴ ብቻ ነች። ፎቶው ሥር ከወንበሯ ተጣብቃ፣ ፊቷን ወደ መሬት አቀርቅራለች። ቱምቢ ወደ እሷ ስትሄድ ከፎቶው ላይ ያለው ጥቁር ሪባን ሲውለበለብ አየችው።

«እቴቴ፣ እስቲ ተነሺልኝ።»

«አልነሳም።»

«እቴቴ!»

እቴቴ ፎቶውን አሻቅባ አየች። «ሚስማሩን ስመታው ግድግዳው ተናደ» አለች፣ ለቱምቢ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «የደፈናችሁት የጭስ ማውጫ መሆኑን በምን አውቄ! አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ሰዉ እየመጣ ነው፣ የወንድሜ ፎቶ መሬት ሊቀመጥ ነው? ሻርፔን ወተፍኩበትና ከጎኑ ሌላ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። ሦስት ቀን እንቅልፍ የለኝም። የመጨረሻ ሥራውን በገዛ እጄ አፈረስኩበት!»

ቱምቢ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ? አክስቷን ትከሻዋን ይዛ አስነሳቻት፣ ፎቶውን አወረደችው፣ ሻርፑን መዘዘችው። ነፋሱ እያፏጨ ፊቷን መታት።

«በእጅሽ ክደኚው። በመዳፍሽ። ጫን አድርጊ!»

እቴቴ መዳፏን ለጠፈችበት። ፉጨቱ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ መምህሯን ያያል።

«ሁለት ነጥብ አንድ... ሁለት... አንድ ነጥብ ስምንት!»

ቤቱ ተናጋ። አንዲት ሴት እልል ብላ ጀመረችና ያለችበት ትዝ ሲላት አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ለሳኙ ካልጋው ሥር ሆነው፣ «ስንት አለች? ስንት?» ይላሉ። ቱምቢ እየዘለለች ነበር፣ እንባዋም አብሮ ይወርድ ነበር።

«በእጅ የተያዘ አልመዘግብም» አለች መምህሯ፣ እሷም ዓይኗን እየጠረገች። «ደፍኚው። ማሽኑን ይዤ አልሄድም፤ ደረቅ እስኪል እጠብቃለሁ።» ማራገቢያውን አጥፍታ ፍሬሙን ከበሩ አነሳች፤ ደጅ ስታለቅስ የቆየችውም ገባች።

ቱምቢ ኖራውንና ጭቃውን ለውሳ፣ የአባቷን የግንበኛ ማንኪያ ይዛ ተመለሰች። እቴቴ እንደዚያው ናት፤ መዳፏ ግድግዳው ላይ፣ ግንባሯ መዳፏ ላይ።

«እቴቴ፣ አሁን አንሺው። ማሽኑ ቆሟል።»

«ቆይ» አለች እቴቴ። «ትንሽ ልያዝለት።»

ቱምቢ አላስቸኮለቻትም። ጎኗ ቆመችና በማንኪያው ጫፍ ጥቂት ጭቃ አንስታ፣ ከአክስቷ ጣቶች ዳር ዳር መለሰን ጀመረች።