እጅሽ ወርቅ ነው

«የአክስቷ አፈር ሳይደርቅ ልጅቷ ፈተና ትግባ ነው የምትይኝ?» አለ አጎትየው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነበር፤ ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ግን አንድም ሳይቀር ሰማው።

የልጅቷ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ? ቀኑን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም።»

«ዘንድሮ ቢቀርባት ምን ትሆናለች? ሟችስ ብትሆን ይቺ ልጅ አንድ ዓመት ትቆይ ስትል አልነበር?»

ስትል ነበር። ልብስ ሰፊዋም በጆሮዋ ሰምታለች። እራት እየበሉ፣ እንደ ቀልድ፣ «ሚጡ ምን አስቸኮላት? ዩኒቨርሲቲው የትም አይሄድ» ብላ ነበር። ያን ጊዜ ሦስቱም ስቀው አለፉት። አሁን ተናጋሪዋ ስትሞት ቀልዱ ኑዛዜ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሟቿ ታላቅ እህቷ ናት። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ሆና ዕድሜዋን ጨርሳ፣ እዚያው ደረጃ ስትወጣ ወድቃ ቀረች። ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉ። የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ሁሉ ለመግቢያ ፈተና ከመመዝገቡ በፊት በእሷ ቢሮ ማለፍ ነበረበት። የሞዴል ፈተና ውጤቱን ታያለች፣ ስለ ቤቱ ትጠይቀዋለች፣ ታስቀዋለች፤ ከዚያ ወይ «በርታ» ትለዋለች፣ ወይ «ዘንድሮ ይቆይህ»። ይቆይህ ከተባሉት ውስጥ በዓመቱ ተመልሶ የመጣ እምብዛም አልታየም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ «ካስፈተንናቸው ተማሪዎች ሁሉም አልፈዋል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ውሸት የለበትም። ስላላስፈተኗቸው ልጆች ግን የጠየቀ ሰው የለም።

ልብስ ሰፊዋም ካልተፈተኑት አንዷ ናት። ይህን ግን እንደ በደል ቆጥራው አታውቅም።

እናታቸው በጊዜ ስለሞተች ያሳደገቻት ይቺው እህቷ ናት። ፀጉሯን የምታበጥርላት፣ ስትታመም አጠገቧ የምታድር፣ ሰው ቢነካት እንደ ነብር የምትቆጣላት እሷ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ ክፍል ስትደርስ እህቷ ገና ሥራ መጀመሯ ነበር። አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘችና ገልብጣ መዳፏን አየች።

«አየሽ፣ እጅሽ ወርቅ ነው። እንዲህ ዓይነት እጅ ለሁሉም አይሰጥም። ወረቀት ላይ አታባክኚው።»

ብዙም ሳይቆይ ከደመወዟ ቆጥባ የስፌት መኪና አመጣችላት። ልብስ ሰፊዋ ፈተናውን ተወችው፤ ቅርም አላላትም። ያቺን ቃል ይዛ ነው የኖረችው። ደንበኛ ጨቅጭቋት ስትውል፣ ዓይኗ ደክሞ መርፌው አልታይ ሲላት፣ ባሏ አንድ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣና ሚጡን ታቅፋ እህቷ ቤት ስትገባ፣ እጄ ግን ወርቅ ነው ትል ነበር። እህቷ የተቀበረችበትን ቀሚስም ያው እጅ ነው የሰፋው።

ሚጡ ግን ትፈተን። ይሄ የሆዷ ነገር ነበር። በመኪናው ድምፅ ያደገች ልጅ፣ እግሯ ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅማ የተጫወተች ልጅ፣ እናቷ ያላየችውን አዳራሽ ገብታ ትየው። ብትወድቅም ትውደቅ።

ወደ ማምሻው ርዕሰ መምህሩ ሊያስተዛዝን መጣ። ጥቁር ከረባት አድርጓል። ስለ ሟቿ ደግነት ጥቂት ተናገረ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዋን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

«ስለ ልጅቷ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው» አለ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ከነገ ወዲያ ትቀራለች ብለው እንዳያስቡ። መጀመሪያውኑ አልተመዘገበችም።»

«እንዴት አልተመዘገበችም?»

«እህትዎ ናቸዋ ስሟን ያላስተላለፉት። የሞዴሏ ውጤት፣ ሒሳቡ በተለይ፣ ትንሽ ወደ ታች ብሎ ነበር። አልነገሩዎትም እንዴ?»

«ለእኔ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ ቤት እየኖርን?»

ርዕሰ መምህሩ ጫማውን አየ። «ለልጅቷ ብለው ነው። እሳቸው ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ማየት አይችሉም ነበር።»

«አሁንስ? አሁን ምንም አይደረግም?»

ሰውየው ሊዋሽ አስቦ የተወው መሰለ። «ወላጅ ነገ ጠዋት ራሱ መጥቶ ከፈረመ ይጨመራል። እኔ ግን አልመክርም። ትምህርት ቤቱ እኮ የእሳቸው ልፋት ነው። ያ ሰሌዳ የእሳቸው ነው ማለት ይቻላል። ገና በሐዘናቸው ሰሞን በገዛ ቤተሰባቸው ቢበላሽ ደስ አይልም።»

እስከ በሩ ሸኘችው። ንዴቱ ግን አብሯት ተመለሰ። በማን ላይ ይውጣ? የምትቆጣት ሰው አፈር ውስጥ ናት።

እህቷን ላለመጥላት ምክንያት ፈለገች፤ ምክንያቱም አልጠፋም። እህቷ ራሷ ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ነው ያለፈችው። መጀመሪያ የወደቀች ጊዜ አባታቸው አልተቆጣም፣ አልመታም። ማዕድ ላይ ሲቀርቡ ብቻ አያያትም ነበር። ጨው አቀብይኝ ለማለት እንኳ ታናሺቱን ነበር የሚጠራው። ይህም እስክታልፍ ድረስ ቀጠለ። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ልጅ ናት፤ ጨው ማቀበሏን እንደ ሹመት ቆጥራ ትኮራ ነበር። እህቷ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሲወድቅ ማየት አትችልም። እንዳይወድቁ ብላ እንዳይሞክሩ አደረገቻቸው። ፍቅር ነው፤ ፍቅር መሆኑን ልብስ ሰፊዋም ታውቃለች። ማወቋ ግን ምሬቱን አላቀለለላትም።

በማግስቱ ማልደው ከመጡት ለቀስተኞች አንዱ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁ ማዕዘኑ ላይ ነው። ወፈር ያለ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

«እኔ ዛሬ ሰው የሆንኩት በእሳቸው ነው» አለ። «ልፈተን አልፈተን እያልኩ ስጨነቅ ቢሮ አስጠሩኝ። እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት። ‹እጅህ ወርቅ ነው፤ እንዲህ ዓይነት እጅ ለሁሉም አይሰጥም› አሉኝ። እናቴ እንኳ እንደዛ ብላኝ አታውቅም።»

ጥግ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪ ቀና አለች። «እኔንም እኮ እንደዚሁ ነው ያሉኝ። ‹ወረቀት ላይ አታባክኚው› ብለው።»

«አዎ፣ ወረቀት ላይ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ የአገሩን ሰው በሰው አገር ያገኘ ይመስል ፊቱ በራ። የጎማ ጠጋኙም ከበሩ አጠገብ ሆኖ እሱም እንደተባለ በዝግታ ተናገረ። በሐዘን ቤት የሚሳቀውን ያህል ተሳቀ። «ወይ እትዬ፣ ስንቱን በወርቅ ለበጡት» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም በፍቅር ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልብስ ሰፊዋ ባዶ ብርጭቆዎች እየሰበሰበች ነበር። መጀመሪያ የተሰማት፣ ብታፍርበትም፣ ቅናት ነው። ቃሉ የእሷ ነበር። ከእናቷ የቀረላት ቀለበት ቢኖር በጎረቤቱ ሁሉ ጣት ላይ ያየችው ያህል ነው የሆነባት። ቅናቱ ሲያልፍ ሌላው ነገር መጣ። እህቷ እጇን አይታ አልነበረም የተናገረችው። አንድ ልክ ቆርጣ፣ የመጣውን ሁሉ በዚያው አልብሳ ነው የሸኘችው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ይሄ ገባት፤ የሰው ልክ ሳይወስድ የሚሰፋ ሰፊ አታላይ እንደሚባልም ታውቃለች።

ብርጭቆዎቹን እዚያው ትታ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ሚጡ በአክስቷ አልጋ ላይ ተጋድማ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ተነሽና ልበሺ። ትምህርት ቤት እንሂድ። ፈርሜ አስመዘግብሻለሁ።»

ልጅቷ አልደነገጠችም። እናትየዋን ያስደነገጣት ይሄ ነው። «አውቃለሁ አለመመዝገቤን» አለች። «አክስቴ ነግራኛለች። ለእማዬ ቀስ ብለን እንነግራታለን አለችኝ።»

«አንቺስ ዝም አልሽ?»

«እማዬ፣ እኔ ሒሳብ አልችልም። እሷ ደግሞ የማልችለውን ብቻ አይደለም የነገረችኝ።» ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ አለ። «እጄን ይዛ እንዲህ ገለበጠችው። እጅሽ ወርቅ ነው አለችኝ። እንዲህ ዓይነት እጅ ለሁሉም አይሰጥም አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም እስካሁን። ለራሴ ነበር ያስቀመጥኩት።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ይዛ ቆመች። ዝም ብትል ልጅቷ አክስቷንም ቃሏንም እንደያዘች ትኖራለች፤ እሷ እንደኖረችው። ክፉ ኑሮ አልነበረም። ደግሞ ሟች ናት፤ በሐዘኗ ሰሞን ስሟን ማንሳት ነውር ነው። ብትናገር ግን ሚጡ አክስቷን ሁለተኛ ትቀብራለች። ለጥቂት ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ማለቱ አሸንፎ ነበር። ከዚያ ሚጡ መዳፏን ዘርግታ በስስት ስታየው አየችና አላስቻላትም።

«ነይ አንድ ጊዜ ሳሎን።»

እጇን ይዛ አወጣቻት። ለቀስተኛው ዞሮ አያቸው።

«ልጄ ስለ አክስቷ መስማት ትፈልጋለች» አለች ለፀጉር አስተካካዩ። «እስቲ ቅድም ያሉትን ይድገሙላት።»

ሰውየው ደስ አለው። ሳይቆጥብ፣ ገለባበጡን በገዛ እጁ እያሳየ ደገመላት። ዳቦ ጋጋሪዋም ቀጠለች። የጎማ ጠጋኙ «እኔንም» አለ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እያጽናኗት ነበር የመሰላቸው። ሚጡ እያንዳንዳቸውን እያየች አዳመጠች። ሲጨርሱ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳለች። እናቷን አላየቻትም።

አጎትየው በሩ ላይ ቆመ። «ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት ለቀስተኛ ጥላ ትወጣለች? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ሰምቼ ነው የምወጣው አጎቴ» አለች።

መንገዱ ላይ ልጅቷ ቀድማ ትሄድ ነበር። እናት ልትደርስባት ስትል ትፈጥናለች። የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ሲደርሱ ቆመች፤ ዞር አላለችም።

«ለአንቺም ብላሽ ነበር?»

«ብላኝ ነበር።»

«አመንሻት?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት።»

«እኔ አንድ ወር እንኳ አልያዝኩትም» አለች ሚጡ። «ለምን አሰማሽኝ? ዝም ብለሽ ሂጂ ብትይኝ አልሄድም ነበር?»

«አትሄጂም ነበር።»

ልጅቷ ሰሌዳው ስር አልፋ ገባች።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ፊቱን ሳይፈታ አቀረበ። ልብስ ሰፊዋ ፈረመች። ሚጡ ፎቶ ለመነሳትና የመፈተኛ ካርድ ለመቀበል ወደ ሌላ ክፍል ተወሰደች። «ሒሳቡን ስንት እንደማመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ» አለቻት ስትሄድ። ስድብ አልነበረም፤ እውነቷን ነው። ልብስ ሰፊዋም ታውቀዋለች።

እየጠበቀች ኮሪደሩ ላይ ስትንጎራደድ የእህቷ ቢሮ ክፍት ሆኖ አገኘችው። ገባች። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ያልታጠበ ኩባያ። በትልቁ ወንበር ጀርባ ላይ የእህቷ ግራጫ ሹራብ ተሰቅሏል፤ የላይኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ሊወድቅ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ተማሪዎቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እታለም፣ እኔን እንኳ?» አለች ድምፅ አውጥታ። «እሺ እነሱንስ። እኔን እንኳ?»

ሹራቡን አነሳችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ከኮቷ ኮሌታ ስር ሁልጊዜ የምትሰካውን መርፌ ከነክሩ ነቀለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቀዳዳው አልታይ አላት፤ በጣቷ ዳሰሰችና አገኘችው። ቁልፉን አጥብቃ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግማ ሰፋችው፤ ክሩንም በጥርሷ ቆረጠች። ከዚያ ሹራቡን ወንበሩ ላይ መልሳ እስከ ላይ ቆለፈችውና ትከሻውን አስተካከለችው።