ሐጂራ የተረጎመችው ፊልም

ሐጂራ ቲጃኒን ከመልኳ በፊት ያወቅኩት ድምጿን ነው። እኔ ለይኩን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው፤ በደርግ ጊዜ የመንግሥት የሲኒማ መኪና ላይ ፕሮጀክተር አንቀሳቃሽ ነበርኩ። እሷ ቡና ለቃሚ ነበረች። አንድ ቀን በአንድ መጋዘን በር ሳልፍ የማሽኑን ጩኸት አልፎ የሚሰማ የሴት ድምፅ አስቆመኝ። እሑድ ያየችውን የህንድ ፊልም ለጓደኞቿ ትተርክላቸዋለች። እጃቸው ቡናውን ይለቅማል፣ ዓይናቸው ያለቅሳል። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ሐጂራ የመኪናችን ተርጓሚ ሆነች።

ፊልሞቹ በውጭ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። ታሪኩን ባጭሩ የሚያስረዳ የአማርኛ ወረቀት አብሮ ይመጣል። እሷ ማይክሮፎን ይዛ ከሸራው አጠገብ ትቆምና አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ትናገራለች። አማርኛዋ ልክ ነው። ኦሮምኛዋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ ከተዋናዩ ጋር ይጣላል። ከሰኮሩ እስከ አጋሮ ድረስ «ኢንተላ ፊልሚ»፣ የፊልሟ ልጅ ነበር የሚሏት።

ታናሽ ወንድሟ ጅብሪል ከገበያ ሲመለስ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ሄዷል። መጀመሪያ ከአሥመራ ሰላምታ ይልክ ነበር፤ በኋላ ወሬው ጠፋ። ስለ እሱ ብዙ አታወራም። እኔም አልጠይቃትም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ፊልም ደረሰን። ገና ወደፊት ስለሚመጣ ዘመን ነው። በግንብ የታጠረች ከተማ አለች፤ ሰዎቿ ስም የላቸውም፣ በቁጥር ነው የሚጠሩት። በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ሲነጋ ተነሱ ይላል፣ ሲመሽ ግቡ ይላል። ፊሽካ ሲነፋ ወጣቶች በመኪና ተጭነው ከመሬት በታች ወዳለ የማዕድን ጉድጓድ ይወሰዳሉ፤ የሚመለስ የለም። መጨረሻ ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት ድምፅ ማጉያው ወዳለበት ክፍል ሰብራ ትገባና ለከተማው ትናገራለች። ሕዝቡም ይነሳል። ወረቀቱ «ካፒታሊዝም የሰውን ልጅ ወዴት እንደሚወስደው የሚያሳይ» ይላል። የቅስቀሳ ኃላፊው ጓድ ከፈለ ወረቀቱን አንብቦ ወደደው።

መጀመሪያ ያሳየነው እዚያው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ቀበሌ ውስጥ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ የሚያስነጥስ እንኳ ጠፋ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን «ይሄ የኛ ቀበሌ አይደለም እንዴ?» ሲሏቸው ሰማሁ። ጎረቤታቸው በክርናቸው ጎሸሟቸው። ፊልሙ ሲያልቅ ጓድ ከፈለ ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ይህ ፊልም የማይታይበት ከተማ መኖር የለበትም!» አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጫፌ ኤላ የተላክነው። ከአጋሮ ወዲያ ያለች፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትገበይ ትንሽ የቡና ከተማ ናት። ትእዛዙ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቡና መጋዘን ውስጥ፣ በነፃ። «ለወጣት ወንዶች ቅድሚያ ይሰጥ» የሚልም ነበረበት። መስኮቶቹን በጆንያ ጋረድኩ፤ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ወጣቶቹ ቡናቸውን ሸጠው፣ ሳቅ በሳቅ ሆነው ገቡ።

ሐጂራ ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። በሩ ላይ ጠመንጃ አንግቶ ወደቆመው ሚሊሺያ ሄደች። ፈየራ ይባላል፤ የዚያው አገር ገበሬ ነው።

«ፈየራ፣ ከትምህርት ቤቱ ኋላ የቆሙት ኦራል መኪኖች የማን ናቸው?»

መሬት መሬቱን አየ። «የጦሩ ናቸው።»

«ፊልም ሊያዩ ነው የመጡት?»

«አቦ ተይኝ ሐጂራ። ኮታው አልሞላም ተባለ። ፊልሙ ሲያልቅ በሩ ላይ ሆነን እንድናፍስ ታዘናል። የእህቴ ልጅ ሙሐመድሳኒም ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ምን ላድርግ?»

ወደ እኔ መጣች። የተባባሉትን ሰምቼ ነበርና «ጄኔሬተሩ ተበላሸ ልበል?» አልኳት።

«እንደዚያ ካልክ በሩን አሁኑኑ ይዘጉታል። ፊልሙን ልቀቀው። ምንም ቢሆን እንዳታቋርጠው። የውጪውንም ጡሩንባ እንዳትነቅለው።»

ጡሩንባ የምንለው መኪናው ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ነው። ሰው የምንጠራው በእሱ ነው፤ ፊልም ሲጀመር እነቅለዋለሁ። ካልተነቀለ ተርጓሚዋ የምትለውን ገበያው በሙሉ ይሰማዋል። ያሰበችው ገባኝ።

«ሐጂራ፣ ይገድሉሻል።»

«ሥራዬን ነው የምሠራው፤ አንተም ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ማይክሮፎኑን አንስታ ወደ ሸራው ሄደች።

ፊልሙ ሄደ። ጓድ ከፈለ እንደ ልማዱ ከፊት ተቀምጧል። ኦሮምኛ አይሰማም፤ ሐጂራ ወደ ኦሮምኛ ስትዞር ሲጋራውን የሚለኩሰው ያኔ ነው። ልብስ አጣቢዋ በሩን ሰብራ ገባች፤ ማይክሮፎኑን ያዘች።

«ሴትዮዋ ሕዝቡን ታስጠነቅቃለች» አለች ሐጂራ በአማርኛ፣ ልክ ወረቀቱ እንደሚለው። «የጨቋኞችን ተንኮል ታጋልጣለች።»

ጓድ ከፈለ ክብሪቱን ጫረ። እሷ ወደ ኦሮምኛ ዞረች።

«ያ ጀማ! እናንተ ሰዎች፣ ስሙኝ! ልጆቻችሁን የሚጭኑ መኪኖች ከትምህርት ቤቱ ኋላ ቆመዋል። ወጣቶች፣ ብቻችሁን እንዳትወጡ፤ እንዳትሮጡም። እናቶች፣ ገበያ ያላችሁ፣ ዕቃችሁን ተዉና ኑ! ያልወለደችም ትምጣ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አልጮኸችም፤ ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ውስጥ ያሉት ወጣቶች ዓይናቸውን ከሸራው አልነቀሉም። ጀርባቸው ብቻ ቀጥ ሲል አየሁ። ከውጪ ይሰማ የነበረው የገበያ ጫጫታ በአንዴ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የእግር ኮቴ መጣ፤ የብዙ ሰው ኮቴ።

ፊልሙ አልቆ በሩ ሲከፈት ግቢው በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ግማሾቹ እጃቸው ላይ በርበሬ አለ፣ ግማሾቹ ሕፃን አዝለዋል። ከፊት የቆሙት እማማ ዘይቡ የሚባሉ ቅቤ ሻጭ ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? ዞር በይ!» አለ ጓድ ከፈለ።

«ዞር ይበሉ በል፤ እናትህን እበልጣለሁ» አሉት። «ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«የትኛው ነው ልጅሽ?»

እማማ ዘይቡ ገቡና ከበሩ አጠገብ የነበረውን ወጣት እጁን ያዙ። «ይሄ ነው።»

«ስሙ ማን ነው?»

«አብዱልፈታሕ።»

ልጁ ሸምሰዲን ነበር ስሙ፤ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ሴትዮዋን በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም። ነገር ግን ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ «አቤት እማዬ!» አለ።

ከዚያ ሴቶቹ ገቡ። እያንዳንዷ የአንዱን እጅ እየያዘች ትወጣለች፤ አንዷም ሁለት ይዛ ወጣች። ጓድ ከፈለ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ፈየራ! በሩን ዝጋው!»

ፈየራ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ወደ ውስጥ ገባ። ሙሐመድሳኒን ክንዱን ይዞ ተመለሰ። «ይሄ ደግሞ የኔ ነው ጓድ» አለና በሩን እንደ ተከፈተ ትቶት ወጣ። ሌሎቹ ሚሊሺያዎች እርስ በርስ ተያዩ። የእነሱም ልጆች፣ የእነሱም ወንድሞች እዚያ ውስጥ ነበሩ። አፈሙዛቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

ኦራሎቹ ባዷቸውን ገበያውን አቋርጠው ሄዱ። የጮኸ የለም፣ ያጨበጨበም የለም። ሴቶቹ የልጆቹን እጅ እንደያዙ ዳር ዳር ቆመው አሳለፏቸው። አቧራው እስኪረግብ ድረስ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

ሐጂራን እዚያው ያዟት። ጓድ ከፈለ ፈየራን «በኦሮምኛ ምንድን ነው ያለችው?» ብሎ አፋጠጠው።

«ፊልሙን ነው ጓድ፤ የሴትዮዋን ንግግር።»

ሌላ ሰው ጠየቀ። ሌላም ጠየቀ። ከጫፌ ኤላ ሰው ሁሉ የተለየ መልስ አጣ።

ጅማ ላይ ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቀመጠ። ፊልሙ በመጣበት አገር የተማረ አንድ የግብርና ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ እኔም ፕሮጀክተሬን ይዤ ቀረብኩ። ሐጂራን በሁለት ወታደር መሐል አስቀመጧት። ሻሿን አስተካክላ፣ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ያቺኑ ቦታ አሳየን አለ፤ አሳየሁ። ባለሙያው ልብስ አጣቢዋ የምትለውን እየሰማ ተረጎመ።

«እናንተ ሰዎች ስሙኝ! ልጆቻችሁን የሚወስዱ መኪኖች ከግንቡ ኋላ ቆመዋል። አንድ በአንድ አትውጡ። እናቶች ኑ!»

በጨለማው ውስጥ ፀጉሬ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ታስጠነቅቃለች፣ ታጋልጣለች» የሚል ብቻ ነበር። ሐጂራ የዚያን አገር ቋንቋ አታውቅም። ከሴትዮዋ ፊት ነው ያነበበችው። ግንቡን በትምህርት ቤቱ መለወጧን፣ ገበያውንም መጨመሯን የሚያውቅ ብዙ ሰው ነበር፤ የመሰከረ ግን አልተገኘም።

«ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«ጓድ፣ ሕዝቡ ፊልሙ ስለ እኛ የሚናገር መስሎት...» ብሎ ከፈለ ጀመረ።

«ስለ ማን?»

ከፈለ ወረቀቱን አገላበጠ።

«ጓድ ከፈለ፣ ፊልሙ ስለ ማን ነው?»

«ስለ... ስለ ካፒታሊዝም።»

ሐጂራ አልሳቀችም። እኔ ግን ፕሮጀክተሩን የማጸዳ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

በዚያው ቀን አልለቀቋትም። ክስ ሳይመሠረትባት ክረምቱን በሙሉ አሰሯት። የጫፌ ኤላ ሴቶች ተራ ገብተው ስንቅ አመላለሱላት፤ ቅቤ፣ ቆጮ፣ ማር። ዘበኛው ምኗ ናችሁ ሲላቸው አንዷ አክስቷ፣ አንዷ የእንጀራ እናቷ ነኝ ትላለች። ዘበኛው «ይቺ ልጅ ስንት ዘመድ ነው ያላት?» እያለ ይገረም ነበር።

መስከረም ላይ ስትፈታ የእስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ከሥራ መባረሯን የነገርኳት እኔ ነኝ። ከስታለች፤ ሻሿ ግን ንጹሕ ነው። ስለ ጅብሪል የተሰማ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። የልብሷን ጥቅልል አቀበለችኝ።

«በጓሮ መንገድ እንሂድ፣ ሰው እንዳያይሽ» አልኳት።

«ለምን? ሰርቄያለሁ?» አለችኝ። «በአስፋልቱ ነው የምሄደው።»

በአስፋልቱ ሄድን። ልብስ ሰፊው መርገጫውን አቁሞ ተነሳ። በረንዳ ላይ ጫት ይዘው የተቀመጡት ሰዎች ተነሱ። ባለሱቆቹ ወደ ደጃፋቸው ወጡ። አንድም ሰው አልተናገረም፤ በዚያ ዘመን አይነገርም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ ነበር የሚያሳልፏት። እሷም ለእያንዳንዱ አንገቷን ዝቅ እያደረገች፣ ሳትቸኩል ትራመዳለች። እኔ የልብሷን ጥቅልል ተሸክሜ ከጎኗ ነበርኩ። አብሬያት ስሄድ የሚያየኝ ሰው ሁሉ በደንብ እንዲያየኝ ብዬ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።