ዘጠኙ የፖስታ ሳጥኖች

መጀመሪያ የተሰማው ሳሉ ነበር። ኡህ፣ ኡህ፣ ከዚያ ጸጥ። ትንሽ ቆይቶ የመኪና ማስነሻ ጩኸት፣ ከዚያ ደግሞ ኡህ። መካኒኩ ላይል ሆስቴትለር የብረት መሞረጃውን አጥፍቶ ጆሮውን ወደ መንገዱ ጣለ። ከጋራዡ በላይ በበቆሎው እርሻ ዳር ዘጠኝ የፖስታ ሳጥኖች አሉ። ፖስተኛዋ ዳርላ በገዛ መኪናዋ እየመጣች እያንዳንዱ ጋ ትቆማለች፣ ደብዳቤውን ትከታለች፣ ትነሳለች። ዛሬ አምስቱ ጋ ሞተሩ ጠፋባት።

«ፖስታችን ጉንፋን ይዞታል!» አለ ሜርል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የጠዋት ቡናውን የሚጠጣው እዚሁ ጋራዥ ነው።

ዳርላ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። «አንተ ላይል፣ መኪናዬን ምን አደረግሃት? ቅዳሜ የመኪና ውድድር ላይ ማንም አልደረሰብኝም፣ አልክድህም። ግን በቀን አራት መቶ ሳጥን አለብኝ። ሳጥን ባየች ቁጥር ራሷን ትስታለች።»

«ቤንዚን ማደባለቂያው፣ ካርቡራተሩ ይሆናል።»

«ሦስት ጊዜ ፈታኸው እኮ!»

ላይል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ላለማየት ሞከረ። በጠመኔ 268 ተጽፎበታል። እሱ ያሰፋው የዳርላ ቴስታታ፣ የሞተሩ ራስ፣ በደቂቃ የሚያሳልፈው አየር ነው፣ በኪዩቢክ ጫማ፤ በኦሃዮ በዚህ ወረዳ እዚያ ቁጥር የደረሰ የለም። ከሩቅ ከተማ ድረስ ሊያዩለት የመጡ ነበሩ። መኪናዋም አርባ የፈረስ ጉልበት ጨምራለች። ሳሉ ከየት እንደመጣም ያውቃል፤ ለራሱ መንገር ነው ያልፈለገው።

«የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ታውቂያለሽ?» አለ በመጨረሻ። «አፉን በጣትሽ ስታጠብቢው ውሃው ይወነጨፋል፣ ስትለቂው ይዝረከረካል። እኔ የአየሩን መግቢያ አብዝቼ አሰፋሁት። ሞተሩ ሲጋልብ ያን ሁሉ አየር ይጠጣዋል። ቀስ ስትይ ግን አየሩ ይሰንፋል፣ ቤንዚኑን ተሸክሞ መግባት ያቅተዋል።»

«እና አጥብበዋ!»

«ቁጥሩ ይወርዳል። ቅዳሜም ይቀድሙሻል።»

«ይቅደሙኝ። ሰኞ ደብዳቤያቸውን የምይዘው እኔ ነኝ። ደግሞ ቁጥር ሳጥን ውስጥ አይከተትም።»

መኪናዋን ትታ በእህቷ መኪና ሄደች።

ላይል ቴስታታውን ከሞተሩ ላይ አወረደ። ሦስት ሳምንት ፈልፍሎ ያሰፋውን የአየር መግቢያ ወለል በማይለቅ ማጣበቂያ ሞላው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው።

«የገዛ ልጅህን ቀበርከው» አለ ሜርል ከወንበሩ ላይ።

«ዝም ብለህ ቡናህን ጠጣ።»

ሲለካው 231 ሆነ። ላይል ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ 268ን በእጅጌው ጠረገው። ጠመኔውን አነሳ፣ ግን ምንም አልጻፈም።

ዳርላ መኪናዋን በወሰደች ማግስት ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። መኪናዋ ቆመች። የሳጥኑ ክዳን ቀጭ አለ። ሞተሩ ዝቅ ብሎ፣ ሳያመነታ ጎትቶ ተነሳ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ላይል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ዘጠነኛውም ላይ ሳል የለም። ዳርላ ጥሩንባዋን አንዴ ነፍታ አለፈች።

«ታዲያ ሰሌዳው ላይ ምን ልጻፍ?» አለ ሜርል።

ላይል ፈገግ አለ። ጠመኔውን በሜርል መዳፍ ላይ አኖረ፣ ኮፍያውን ከምስማሩ ላይ አወረደ፣ «ዘጠኝ» ብሎት ወጥቶ ሄደ።