አንድ ማይክ ይበቃል

ምን ብዬ ነው እንግዲህ የምነግረው፣ መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ፣ ስሜ ዳይሬክተር ተብሎ ወጥቶ አለፈ፣ ማሙሽ በግራ እጁ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ፣ ጋሽዬ ስምህ፣ አየሁት እለዋለሁ፣ አላየሁትም፣ እኔ የማየው እሱን ነው፣ ታናሽ ወንድሜን፣ ፀጉሩ ሸብቶም ማሙሽ የምንለውን፣ ተላጭቶ የመጣውን፣ የኮቱን ቁልፍ ሚስቱ የቆለፈችለትን፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተቀምጧል፣ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል። ያ እጅ። አኮርዲዮን ላይ ሲያርፍ ሰው ትንፋሹን የሚይዝለት እጅ።

ንገረው። የሱ ትዕይንት ሳይደርስ ንገረው።

ፕሮዲውሰሩ በር ላይ ነው ያረዳኝ፣ ትኬት ቆራጯ አጠገብ፣ እየሳቀ፣ የተዋናይቷ ድምፅ አልጥም ብሎኝ በሌላ ሴት አስቀየርኩት አለ፣ እሺ፣ ድምፅ ሲቀየር እንግዲህ አብሮ የተቀዳው ሁሉ አብሮ ይሄዳል አለ፣ ምኑ ነው አብሮ የሚሄደው፣ አኮርዲዮኑ ነዋ፣ አታስብ፣ አንድ ጎበዝ ልጅ በኪቦርድ ሞልቶታል፣ ቁርጥ አኮርዲዮን ነው የሚመስለው፣ ዋናው ቅጂስ፣ የምን ዋና፣ ዲስኩ ሞላ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ተቀረፀበት፣ ወዳጄ ነገር አታካብድ፣ ደግሞ አንድ ላይ ቅዱ ያልከው አንተ ነህ፣ ማን ያውቀዋል። ማን ያውቀዋል ይላል፣ ማሙሽ ወዲያ ፈንጠር ብሎ ፖስተሩ ላይ የራሱን ፊት ሲፈልግ እያየ።

እውነቱን ነው ደግሞ፣ እኔ ነኝ። የድምፅ ባለሙያው ለምኖኛል፣ ጋሼ አኮርዲዮኑን ለብቻው ልቅዳው፣ ለክፉ ቀን፣ እኔ ደግሞ፣ ሙዚቃ ጨው መሰለህ በኋላ የሚነሰነስ፣ አንድ ማይክ ይበቃል፣ መሃል ላይ ስቀለው፣ ሰውም አኮርዲዮንም አንድ አየር ይተንፍሱ። ምነው ያኔ አፌን ቁርጥ ባደረገው።

ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ነኝ እኮ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ሙዚቀኞቹን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥቼ ተዋንያኑ መሃል ያስቀመጥኩ እኔ፣ ጋዜጣ አንባቢው ክላርኔት ተጫዋች፣ በረኛው ከበሮ መቺ፣ የቲያትር ቤቱ ኃላፊ ይሄ ቲያትር ነው ወይስ የጭፈራ ቤት ብሎ ጠየቀኝ፣ አንዲት ቀልደኛ ተዋናይ ደግሞ፣ እኔ ላልቅስ ስል ክላርኔትህ ቀድሞኝ ያለቅሳል፣ ለእኔ ምን ተረፈኝ፣ ልምምድ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የወንበሩን መደገፊያ እየደበደብኩ ስለማዳምጥ አታሞ ብለው አወጡልኝ፣ አታሞ መጣ፣ አታሞ ተቆጣ፣ አንዱ ጋዜጣ የሙዚቃና የድራማ ውህደት ፈር ቀዳጅ ብሎ ጻፈልኝ፣ ፈር ቀዳጅ እቴ፣ አዳራሹ ግማሹ ባዶ፣ ከዚያ ፊልም ውስጥ ገባሁ፣ እዚያም ያው።

ለምን ሙዚቃ ይሉኛል፣ ስለ ውበት አወራላቸዋለሁ፣ ውሸቴን ነው። አባታችን አኮርዲዮን ገዝቶ አመጣ፣ ለበኩሩ፣ ለእኔ፣ ክረምቱን ሙሉ ላቤ ጠብ እስኪል ታገልኩት፣ ማሙሽ ጠረጴዛ ስር ተኝቶ ይሰማል፣ አንድ ቀን አንስቶ እኔ ያቃተኝን ተጫወተው፣ በቃ፣ ዝም ብሎ ተጫወተው፣ በማግስቱ ልለማመድ ስል አባቴ ቃል ሳይተነፍስ ማንገቻውን ከትከሻዬ አውልቆ ለሱ አጠለቀለት። ከዚያ ወዲህ የሰራሁት ሁሉ፣ መድረኩም ፊልሙም፣ ማሙሽ ተቀምጦ የሚጫወትበት ክፍል ነው። ለሱ ወንበር ሳመቻች አረጀሁ፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

እሱ ደግሞ ስቱዲዮ አይወድም፣ የታሸገ ነገር ያስነጥሰኛል ይላል፣ አንድም ቀን ተቀድቶ አያውቅም፣ በስንት ልመና ለዚህ ፊልም ብቻ እሺ አለኝ፣ ተጫወተ፣ ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ ጣለው። አልጋ ላይ፣ አፉ ተጣሞ፣ እንኳን ቀዳኸኝ ጋሽዬ፣ ያቺ ቅጂ አለችኝ አይደል፣ አለችህ አልኩት። ሐኪሙ መስማቱንም ሊነካው ይችላል ብሎ አስፈራርቶን ነበር፣ ጆሮው ግን ተረፈ፣ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ እንኳ በየትኛው ኖታ እንደሚያፏጭ ይነግረኛል፣ እጄን ይውሰደው ጋሽዬ፣ ጆሮዬ ካለ እኔ አለሁ ይላል።

ሆድ ይፍጀው ልል ነበር። ሆዴም አልቻለም።

ደረሰ። የልብስ ሰፊው ቤት፣ ሴትየዋ ልብስ ትተኩሳለች፣ የማላውቀው ድምፅ ከአፏ ይወጣል፣ ማሙሽ ጥጉ ላይ፣ ያኔ የነበረው ማሙሽ፣ ማንገቻውን ያስተካክላል፣ ከጎኔ ያለው ማሙሽ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል፣ ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አዘጋጅቷል፣ ስክሪኑ ላይ ጣቶቹ ወረዱ፣ እና ያ ነገር ጀመረ፣ ልስልስ ያለ፣ ትንፋሽ የሌለው፣ አሳንሰር ውስጥ የሚከፈት ዓይነት ነገር፣ የሱ አኮርዲዮን እኮ ከዜማው በፊት አየር ሲያስወጣ እንደ ሽማግሌ እህ ትል ነበር፣ ያቺን እህ እየጠበቅኩ ነው፣ የለችም፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ከፊታችን ያለው ሰውዬ ስልኩን ያያል፣ የማሙሽ ግራ እጅ ጫን ጫን አደረገ፣ ቆመ።

ጋሽዬ።

አቤት።

ይሄ ነው እንዴ፣ ጣቶቼ የሚነኩት ሌላ፣ የሚሰማኝ ሌላ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳፈረ ሰው፣ ጋሽዬ፣ ጆሮዬም ሄደ መሰለኝ።

በል እንግዲህ። ጆሮህ ደህና ነው በለው፣ የሞተው ዜማህ ነው፣ ሳሙና ተቀረፀበት በለው፣ ወይ ጆሮውን ግደልበት ወይ ዜማውን፣ ዳይሬክተር አይደለህ፣ ምረጥ፣ አፌ ይከፈታል፣ ለአንተስ ደህና ይሰማሃል ጋሽዬ፣ እንደቀዳኸኝ ቀን ነው ወይ፣

እንደዚያን ቀን ነው እለዋለሁ። ምንም አልጎደለውም።

ተመስገን ይላል፣ አንተ ከሰማኸው ይበቃል፣ እጁ ጉልበቴን መታ መታ ያደርጋል፣ እኔን ያጽናናኛል፣ እሱ እኔን፣ ማሙሽ እለዋለሁ፣ ስማኝማ፣ ክንዱን እይዛለሁ፣ አሁን እነግረዋለሁ፣ አሁን፣ ተወኝ ጋሽዬ ይለኛል ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ ጣቶቼን እንኳ ልያቸው።