ልጅቷ ጋ ወራጅ

ቤት በሌለበት፣ መንገድ በማይገነጠልበት፣ ጥላ እንኳ በሌለው ባዶ ግንብ ሥር አውቶቡስ ለምን ይቆማል? ኢንጂነሯ ይህን ጥያቄ ይዛ ስትዞር ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። መልሱን ግን ከየትም ልታገኘው አልቻለችም።

የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ የቀጠራት አሮጌው መናኸሪያ ሊፈርስ ስለሆነ ነው። አዲሱ ከከተማው ዳር ተሠርቶ አልቋል፤ መስመሮቹም ከእሱ ጋር እንዲስማሙ እንደገና መሣል ነበረባቸው። ባሕር ተሻግራ ሰባት ዓመት የተማረችው ይህንኑ ነው፤ አውቶቡስ ከየት ተነሥቶ፣ የት የት ቆሞ፣ በስንት ደቂቃ የት መድረስ እንዳለበት። ከተመለሰች ገና አምስት ወሯ ነው። ቢሮ ውስጥ «ኢንጂነር» ይሏታል፤ እሷ ግን እንዲህ በተጠራች ቁጥር ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰላት መዞር ይቃጣታል።

ስምንቱ መስመሮች አላስቸገሯትም። ያስቸገራት ዘጠኝ ቁጥር ነው። በቢሮው መዝገብ ሃያ ሦስት ፌርማታ አለው። ትኬት ቆራጮቹ በእጃቸው ጽፈው አውቶቡሱ ውስጥ የለጠፉት ወረቀት ግን ሃያ አራት ይላል። ትርፉ ከወፍጮ ቤቱ በኋላ፣ ከጤና ጣቢያው በፊት የተጻፈው ነው። ስሙም «ልጅቷ ጋ» ነው።

የቷ ልጅ? ሾፌሮቹን ጠየቀች። ሁሉም በቅርብ የተቀጠሩ ናቸው። አንዱ፣ «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር የሚባለው» አላት። ሌላው፣ «ሻይ የምትሸጥ ቆንጆ ልጅ ነበረች መሰለኝ፤ ምን ያደርጋል፣ እኔ አልደረስኩባትም» ብሎ ሳቀ። በመጨረሻ ራሷ ሄዳ አየችው። የተዘጋ ፋብሪካ አጥር ነው፤ ግንቡ ሥር አንድ አሮጌ ጎማ ተጥሏል፣ ከጎማው መሐል ሣር በቅሏል። እዚያው ቆማ ሳለች ዘጠኝ ቁጥር መጣ። «ልጅቷ ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ወርደው፣ ግንቡን ተከትለው ሄዱ።

ሰዓቷን አየች። ሃምሳ ሁለት ሰከንድ። በቀን አርባ ጊዜ ሲሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት፣ ለባዶ ግንብ!

አለቃዋ ካርታውን ዘርግቶ ሲያይ ጣቱን እዚያችው ላይ አሳረፈ። «ይህችን ምን አደረግሻት?»

«ሰረዝኳት።»

«ምክንያት?»

«ለመኖሯ ነው ምክንያት የሌለው።»

አለቃው ሳቀ። «እሰይ! ውጭ የተማረ ሰው የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። እኛ ሆዳችን ይባባል» አለና ፈረመ። እሷም ፈረመች። ይህ ዓርብ ጠዋት ነው። የፌርማታ ሰሌዳዎቹ ዝርዝር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ማተሚያ ቤት ይላካል፤ ሰኞ ማለዳ አዲሱ መናኸሪያ ሥራ ይጀምራል።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበራትም። እግሯ ወደ አሮጌው መናኸሪያ ወሰዳት። እውነቱን ለመናገር አምስት ወር ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ቦታ ነው። ዘጠኝ ቁጥርን ሃያ ስድስት ዓመት የነዳው አባቷ ነበር፤ እሷ ባሕር ማዶ ሳለች ሞተ፤ የመኖሪያ ወረቀቷ አላልቅ ብሎ ለቀብሩም አልደረሰች።

ግቢው ግማሹ ፈርሷል። የትኬት መስኮቶቹ መስታወት ወልቆ፣ ቁጥሮቻቸው ብቻ ቀርተዋል። መሬቱ ግን ያው ነው፤ የስንት ዓመት ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ፣ ዝናብ ሲነካው የሚያብለጨልጭ። ሽታው አፍንጫዋን ሲመታው ቆም አለች። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ፊደል ሳትቆጥር ነውና፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትመጣው እዚህ ነበር። ሦስተኛው መስኮት አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ አባቷን ትጠብቃለች። አውቶቡሶቹን ሳታያቸው በሳላቸው ትለያቸው ነበር፤ አራት ቁጥር ሲቆም ይጮኻል፣ ሰባት ቁጥር ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ ጉሮሮውን እንደሚያጠራ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ «እህህ» ይላል። የመስመሮቹን ፌርማታዎች በቃሏ ይዛ ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስዳት ትደግማቸው ነበር። የመጨረሻውን ዙር አብራው ትሄዳለች፤ ከሾፌሩ አጠገብ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ ሙቀቱ ከሥር እየመጣላት የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አስተማሪዋ አንድ ቀን ደብተሯን ከፍ አድርጎ፣ «ይህን ፈረስ ላይ ሆነሽ ነው የጻፍሽው?» ቢላት፣ «ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነው» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፍርሳዋለች።

እንዲህ አድርጎ ካሳደጋት ሰው ጋር የተለያዩት ግን በክፉ ነው።

ባሕር ማዶ ሳለች የምትደውልለት በሁለት ትምህርት መሐል ባላት አጭር እረፍት ነበር፤ እሱ ዘንድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይሆናል። «በዚያ ሰዓት እረፍት ላይ ነኝ፣ ደውይ የኔ ልጅ» ብሏት ነበር። አባቷ ግን በስልክ ሁለትና ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚናገረው። «ደህና ነሽ? በላሽ? በርቺ።» ከበስተጀርባው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰማል። ሰው ይስላል፤ ሕፃን ያለቅሳል። አንዴ የሴት ድምፅ፣ «ሰላም በላት» ሲል ሰማች። «ማነው አባዬ?» ስትለው፣ «ራዲዮ ነው» አላት። ማስተርሷን ያለፈች ቀን ደውላ ስትነግረው ጭብጨባ ሰማች። «ራዲዮ ነው፤ ኳስ አለ» አላት። ከዓመት ዓመት ራዲዮ ነው፣ ራዲዮ ነው። አንድ የከፋ ቀን፣ ብቸኝነቱም ብርዱም ተደማምሮባት፣ ስታለቅስለት ያው ጩኸት ተሰማት። «እንግዲህ ከራዲዮህ ጋር አውራ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን አጭር መልእክት ብቻ ትልክለት ነበር። በሰባተኛው ወር ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ።

«አንቺ! የጋሽ ሰዓቱ ልጅ አይደለሽም?»

ዞረች። ከፈረሰው የሠራተኞች ክፍል አንዲት ሴትዮ ፌስታል አንጠልጥለው ይወጣሉ። ወዲያው አወቀቻቸው። የዘጠኝ ቁጥር ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ከአባቷ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። የአውቶቡሱ የመነሻ ደወል ከተበላሸ ወዲህ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው እያፏጩ ነበር አውቶቡሱን የሚያስነሱት፤ ስለዚህም ከተማው ሁሉ እትዬ ፉጨት ይላቸዋል። አባቷንም ሰዓቱ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አርፍዶ ስለማያውቅ።

«እትዬ ፉጨት!»

«የምን ፉጨት? የፊት ጥርሴ ሄደ፣ ፉጨቴም ተከትሎት ሄደ። ስሙ ብቻ ነው የቀረኝ።» ጉንጯን ሳሟትና ከራስ እስከ እግር አዩዋት። «ከስተሻል። ያገሩ ሰው አያበላም እንዴ?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ቁምሣጥናቸውን ሊያጸዱ መምጣታቸውን፣ ያገኙትም አንድ እግር ጫማ ብቻ መሆኑን ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ፣ ቢሮ ነሽ አሉ። ልጅቷ ጋን አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ ሰርዛታለች የሚባለው እውነት ነው? ታውቂያታለሽ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አንቺ?»

«ምንም የሌለበት ቦታ እኮ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

እትዬ ፉጨት ፌስታሉን ከጭናቸው ላይ አንሥተው መሬት አስቀመጡት። «አንቺ ራስሽ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «አልነገረሽም ማለት ነው። ልጅቷ እኮ አንቺ ነሽ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። ሴትዮዋ አስረዷት። አባቷ በዘጠኝ ሰዓት ከሃያ እረፍት ኖሮት አያውቅም፤ አውቶቡስ ሞልቶ መንገድ ላይ ነው። ሰዓቱ አይዛነፍምና ስልኩ ሲጮኽ ሁልጊዜ የሚገኘው ያው ግንብ ሥር ነበር። ዳር ይዞ ይቆማል፤ ድምፅሽን ልስማ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ፣ «ልጄ ናት» ይላል።

«መጀመሪያ ሰው አጉረመረመ። ኋላ ግን ለመደ። እንደውም አንቺ ካልደወልሽ ይጨነቃል። ‹ልጅቷ ዛሬ ምን ሆነች?› ይሉኛል፣ እኔ ምን አውቄ! ከቆመ አይቀር ብለው እዚያው የሚወርዱ መጡ። ‹ልጅቷ ጋ አውርጂኝ› አሉኝ። ሌሎቹ ሾፌሮችም ሰው ‹ወራጅ› ካላቸው ምን ያድርጉ፣ ቆሙ። እንዲህ ሆኖ ቀረ።»

ልጅቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ማመን አልፈለገችም። «ሰው ሲሞት ስለ እሱ ደግ ደጉ ይወራል። እንዲያጽናናኝ ብላችሁ እንዳይሆን።»

«ላጽናናሽ?» ሴትዮዋ ተቆጡ። «ማስተርስሽን ያለፍሽ ቀን ‹አለፈች!› ሲለን አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ። ሞተሩ ደግሞ አልነሣ አለ። ሃምሳ ሰው ወርዶ ገፋ፤ እኔም በዚህ ወገቤ ገፋሁ። ባንቺ ማስተርስ እስከ ዛሬ ወገቤን ያመኛል! አንዴ ደግሞ እኔ ‹ሰላም በላት› ብለው፣ ‹ራዲዮ ነው› አለሽ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቼ ራዲዮ አደረገኝ!»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወዲያ የምትጠራጠርበት ነገር አልቀረላትም።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ሥራ ላይ ነኝ ቢልሽ ትደውዪ ነበር? ደግሞም መንገድ ላይ ሞተር አጥፍቶ መቆም እኮ ያስባርራል። ቢሮ ቢሰማ ለጡረታው ማን ይደርስለት ነበር? ሃምሳችንም አፋችንን ያዝንለት።» ፊታቸውን ወደ ትኬት መስኮቶቹ መለሱ። «ያን ቀን ስልኩን ስትዘጊበት ሁላችንም ሰማን። የዘጋሽው ሁላችንም ላይ ነው።»

«ተቀየመኝ?»

ይህን ለመጠየቅ ነበር ለካ ባሕር ተሻግራ የተመለሰችው።

«እኔ እንጃ። ውሸት ምን ያደርግልሻል። ምንም አላለም፤ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ። በማግስቱ ግን እዚያው ቆመ። ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ አንዲት ደቂቃ ጠበቀና ተነሣ። በነጋታውም እንዲሁ። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አላጓደለም። አንድ እንግዳ ተሳፋሪ፣ ‹ምን ተበላሸ?› ቢል፣ ከኋላ የነበሩ ሴትዮ፣ ‹ዝም በል፣ ልጁ ልትደውል ነው› አሉት።»

ከማዶ የመጨረሻው ሰባት ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ወጣ። እትዬ ፉጨት ፌስታላቸውን አነሡ። «ተይው እንግዲህ። የሞተን ሰው ፌርማታ አያስነሣውም» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ።

ሰዓቷን አየች፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ለአለቃዋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣውም። ደግማ ደወለች። ከዚያ እዚያው አግዳሚ ላይ መልእክት መጻፍ ጀመረች። «መስመር ዘጠኝ ላይ ከወፍጮ ቤት ቀጥሎ የሰረዝነው ፌርማታ ይመለስ።» ቀጥሎ «ምክንያት» ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። የተሳፋሪ ብዛት ብላ ጻፈች፤ ሦስት ሰው መሆናቸውን ራሷ ቆጥራለችና አጠፋችው። ለጤና ጣቢያው ያለውን ርቀት ጻፈች፤ እሱም ውሸት ነው፣ አጠፋችው። አባቴ ብላ ጻፈች። ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱንም አጠፋችውና፣ «ምክንያቱን በአካል አስረዳለሁ። እባክዎ ከአሥራ አንድ በፊት» ብላ ላከችው።

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ዘበኛው መጥቶ፣ «እህቴ፣ ግቢው ሊዘጋ ነው» እስኪላት ድረስ ተቀመጠች።

ሰኞ አዲሱ የዘጠኝ ቁጥር ሰሌዳ ላይ «ልጅቷ ጋ» አልነበረችም። በምርቃቱ ላይ አለቃዋን ከሩቅ አየችው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። በማግስቱ ደረጃው ላይ ተገናኝተው ስለ ሌላ ሥራ አወሩ። እሱም አላነሣው፣ እሷም ምክንያቱን ስትጠየቅ የምትለው ጠፍቷት አላነሣችው። መልእክቱ ግን መልስ አላገኘም፤ ያን ሳምንትም፣ ከዚያም ወዲህ።