በኖራ ፋንታ

ሽማግሌው ግንበኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ ጉልበቱ አላስጨነቀውም፤ ያስጨነቀው ከከተማው በላይ የቆመው ግንብ ነው። አስተማሪ የሆነችው ሴት ልጁ ክንዱን ይዛ፣ ዛሬ እንደ ጌታ ትንሸራሸራለህ እንጂ ሥራ የለህም ስትለው እሺ አለ። ዓይኑ ግን ከሰሜኑ ማማ አልተነቀለም።

የዚያን ማማ ሰገነት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጠገነው እሱ ነበር። ልጅቱ ይህን ለጎረቤቱም ለመምህራኑም አውርታ አትጠግብም። የፊታችን ሐሙስ ደግሞ አርባ ሁለት ተማሪዎቿን አምጥታ፣ አባቴ በሠራው ሰገነት ላይ አቁሜ ከተማውን አሳያቸዋለሁ ብላለች። ዛሬ አባቷን ያመጣችው መንገዱን ቀድማ ለማየት፣ ከዚያም በላይ እሱን ለማስደሰት ነበር።

ሽቅብ የሚወስደው ጎዳና ጠባብ ነው። ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጃፍ አውጥተው ይሰፋሉ፤ ሰዓት ሠሪው ከመስታወቱ ኋላ አንገቱን ደፍቷል። ልጅቱ የድሮውን በረንዳ ሁሉ እየጠቆመች ታስረዳለች። እሱ ይሰማል፤ እየሰማም ባለፈበት ግድግዳ ላይ ጣቱን ያንኳኳል። ትንሽ ሳለች፣ አባዬ ሰው የሚጠራው በበር ሳይሆን በግድግዳ ነው እያለች ትስቅበት ነበር። ዛሬም ሳቀች።

የግንቡ ዘበኛ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ በወገቡ ያንጠለጠለ፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ልጅቱ ይሄ ሰገነቱን የጠገነው አባቴ ነው ስትለው ከመቀመጫው ተነሣና፣ እንግዲያማ ባለቤቱ መጡ፣ ቁልፉን ልመልስ እንዴ አለ። ግንበኛው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ልጅቱ ደረጃውን ቀድማው ወጣች። እሱ ሰገነቱን ከተሸከሙት ድንጋዮች ሥር ቆሞ አንኳኳ። ባዶ ማሰሮ የተመታ ይመስል ድምፁ ጎድጓዳ ነበር። በጥፍሩ ሲነካው ድንጋዩ ዱቄት ሆኖ እጁ ላይ ፈሰሰ።

የጥንቱ ሰው ግንቡን የሠራው በኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተነክሮ ወራት ካልተኛ አይበስልም። ያኔ ክረምቱ ደርሶ፣ የሥራ ኃላፊው በየማለዳው ሰማይ ሰማይ እያየ ያቻኩለው ነበር። ጥሬ ኖራ ከማስገባት ይሻላል ብሎ ሲሚንቶ አቡክቶ መጋጠሚያውን ሞላና ላዩን በኖራ ቀባው። ያየው ሁሉ አመሰገነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ አንጋፋ ግንበኛ በወሬ መሀል፣ አሮጌ ድንጋይ የጠጣውን ዝናብ የሚተፋው በኖራው በኩል ነው፣ ሲሚንቶ ከደፈነው ውሃው ከውስጥ ይበላዋል ሲል ሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጸሎቱን በአንድ ቃል አስረዘመ፤ ግንቡን አደራ እያለ። ለሰው ግን አልተነፈሰም። ለፈጣሪ መንገር ይቀላል፤ አያፋጥጥም።

«አባዬ፣ ና እንጂ! ፎቶ ላንሳህ» አለችው ከላይ፣ የሰገነቱን መከታ ተደግፋ።

«ልቀቂው መከታውን። ግድግዳውን ተጠግተሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አላት።

የቀለደ መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ወረደች። እጁ ላይ የቀረውን ዱቄት አሳያትና ሁሉንም ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማች።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ስምንት ዓመት ይሆነዋል።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ በየሰዉ ፊት ስኮራብህ እየሰማህ ዝም አልክ?»

ደስ ስለሚለኝ ነው ቢላት እውነት ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን አዙሮ ዘበኛውን ጠራ።

ዘበኛው ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ፣ አባባ ይሄ ግንብ እኔን ጡረታ ሳያወጣኝ አይወድቅም ብሎ ሳቀ። ግንበኛው እጁን ይዞ ድንጋዩ ላይ ሲያሳርፈው ሳቁ ጠፋ። ቢሆንም ያለ ወረቀት በር ብዘጋ ነገ የምባረረው እኔ ነኝ አለ። ከታች ሰባት ስምንት ጎብኚዎች እየተሳሳቁ ደረጃውን ጀምረዋል። ግንበኛው ጠባቡ ደረጃ ላይ ተቀምጦ መንገዱን በገላው ዘጋ።

«ልጄ፣ ጻፊ» አለ።

የተማሪዎቿን ስም የመዘገበችበትን ደብተር ገልጣ፣ እሱ እየነገራት ጻፈች። ስትጨርስ አነበበችለት። «በአንድ ግንበኛ ስሕተት» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆማት።

«አንድ ግንበኛ አይባልም። ስሜን ጻፊ።»

ብዕሯ ቆመ። የእሱ ስም ከእሷ ስም ቀጥሎ የሚጠራ ነው፤ ትምህርት ቤትም፣ መታወቂያዋም ላይ። ጎብኚዎቹ ከታች ምን ሆነ እያሉ ይጠይቃሉ። አንዱን መስመር ሰረዘችና ስሙን ጻፈች፤ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጋለት ፈረመ።

ዘበኛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ጎብኚዎቹን መለሰ፤ ከዘለላው ትልቁን ቁልፍ መርጦ የማማውን በር ከኋላቸው ቆለፈ።

ቁልቁል ሲመለሱ ልጅቱ አላናገረችውም፤ ክንዱንም አልያዘችውም። ጎዳናው ቁልቁለት በሆነበት ቦታ ሁሉ ግን አንድ እርምጃ ቀደም እያለች፣ ቢያዳልጠው እሷ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ትሄድ ነበር።